የውሰት ትዝታ

ትዝታ በእኛ ዘንድ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ቅኝት ነው። ክራር ደርዳሪ ትዝታን ሊጫወት ሲነሣ አስቀድሞ አውታሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ ጆሮውን ወደ መሣሪያው ጣል አድርጎ አምስቱ ድምፆች እርስ በርሳቸው እስኪስማሙ ድረስ ይደክማል። ይህን ድካም ሳይደክም የሚያንጎራጉር ሰው አድማጩን ሊያስለቅስ ይችል ይሆናል፤ ትዝታ ተጫወተ ግን አይባልም። የሙዚቃችን ሊቃውንት ትዝታን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር በአንድ ረድፍ ሲቆጥሩት አንድ ቁም ነገር አስተምረውናል፤ ይኸውም ማስታወስ ሥርዓት ያለው ሥራ መሆኑን ነው።

ይህን ያነሣሁት በቃላት ለመጫወት ብዬ አይደለም። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ስለ ቀድሞ ባንዶቻችን የሚነገረውና የሚጻፈው ትዝታ ሳይቃኝ የሚንጎራጎር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። በአዲስ አበባ ሆቴሎች፣ በደሴና በኮምቦልቻ መዝናኛ ቤቶች፣ በየራዲዮው የበዓል ዝግጅት «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ሐረግ ይደጋገማል። የሚጠሩት ስሞች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ሮሃ፣ ዳህላክ። የሚነሡት አዳራሾችም እነዚያው ናቸው፤ ሂልተን፣ ራስ ሆቴል፣ ግዮን። ከዚያ ክበብ ውጪ የነበረው ሁሉ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ይታለፋል።

ክርክሬ አጭር ነው። ይህ ትዝታ የውሰት ትዝታ ነው። የምንናፍቀው የኖርንበትን ሳይሆን ሌሎች ሰዎች አቧራውን አራግፈው የመለሱልንን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ያላራገፈውን፣ በገዛ ደጃችን ያደገውን፣ በወሎ ከተሞችና ገጠሮች በየመድረኩ የቆመውን ሙዚቃ ግን ተጫዋቾቹ ገና በሕይወት ሳሉ በዝምታ እየቀበርነው ነው።

ነገሬ በተሳሳተ መንገድ እንዳይተረጎም አስቀድሜ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። የአዲስ አበባን ባንዶች ታላቅነት የሚክድ ጆሮ የለኝም። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያዎችን ትምህርት አስፋፉ። ከዚያ ትምህርት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተጠቀሙ፤ ከእነርሱም እነ ጥላሁን ገሠሠ፣ እነ ማሕሙድ አሕመድ፣ እነ ዓለማየሁ እሸቴ ወጡ። የሸክላ ማሳተም መብት በመንግሥት ተቋም እጅ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከ100 በላይ ሸክላዎችን አሳተመ። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሆቴል ባንዶች ከታዳሚዎቻቸው ጋር በሩን ዘግተው እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር። ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ ይገባዋል።

ነገር ግን ይህ ታሪክ ወደ እኛ የተመለሰው በምን መንገድ ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» ለአውሮፓ አድማጭ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የብራስልስ አሳታሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቀድሞ ሸክላዎቻችንን በተከታታይ ቅጾች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ያሳተመው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ከቅጾቹም 10ኛው «ትዝታ» የሚል ርእስ ተሰጠው። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በዓለም ዙሪያ እንደገና የተሰሙት እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ በፊልሙ ውስጥ ስላስገባቸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተዛዝበን የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉና ሌሎች ባልደረቦቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። እዚያው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብቻውን የሠራው ካሴት ወደ አገር ቤት መጥቶ ተሸጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም በእርጅናው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ካሴቱ የተገኘው በፓሪስ ወይም በኒውዮርክ አይደለም። ባሕር ዳር ነበረ። እኛ በየቀኑ በፊቱ እናልፍ ነበር።

እነዚህን የውጭ ሰዎች መውቀስ አላማዬ አይደለም፤ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ፈለጉ፣ አገኙ፣ አሳተሙ። የእኔ ጠብ ከእኛ ጋር ነው። እነርሱ የመረጡትን መረጥን፤ ያልደረሱበትን ረሳን። የውጭ ሰብሳቢ ሸክላ ፈልጎ መጣ፤ ሸክላ ደግሞ የዋና ከተማ ንብረት ነበረ። በሸክላ ያልታተመ ሙዚቃ በዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሊመዘን አይችልም። ስለዚህ የአንድ አገር የሙዚቃ ታሪክ የሚባለው ነገር ከጥቂት የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ያልዘለለ ሆኖ ቀረ።

ምሳሌ ልስጥ። አይቤክስ ባንድ ኋላ ስሙን ለውጦ ሮሃ ተባለ። ሮሃ የላሊበላ ከተማ ጥንታዊ ስም ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ደሴ ላይ የወሎ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ላሊበላ ተብሎ ይጠራ ነበር። አንዲት ከተማ በሁለት ስሟ ለሁለት ባንዶች መጠሪያ ሆነች። ሮሃን የማያውቅ የሙዚቃ አፍቃሪ ዛሬ የለም፤ ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ይጫወቱት እንደነበር ወጣቱ ሁሉ ይነግርሃል። ስለ ላሊበላ ብትጠይቀው ግን ማሪቱ ለገሠን ይጠራልህና ዝም ይላል። ማሪቱ መጠራት ይገባታል፤ አምባሰልን ከእርሷ ድምፅ ነጥሎ መስማት ለብዙዎቻችን አዳጋች ነው። ነገር ግን ከጀርባዋ መሰንቆውን የሚገዘግዘው ማን ነበር? ዋሽንቱን የሚነፋው፣ ከበሮውን አንግቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚመታው ማን ነበር? ካሴቱ አይናገርም። እኛም አልጠየቅንም።

የላሊበላ ጉዳይ የደሴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ጎንደር ፋሲለደስን አቁመው ነበር። ከክፍለ ሀገሩም በታች በየአውራጃው፣ በየወረዳው፣ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድን ነበረ። ከትምህርት ቤት የተመለመሉ ልጃገረዶችና ጎረምሶች፣ ከአዝማሪ ቤት የመጡ ባለመሰንቆዎች፣ ከመንዙማ ጉባኤ የከበሮን ምት የለመዱ እጆች፣ ከቤተ ክህነት ዜማን የቀሰሙ ጉሮሮዎች በአንድ ላይ ቆሙ። የሼኽ ልጅና የቄስ ልጅ ተያይዘው እስክስታ ወረዱ። መድረኩ አንዳንዴ የቀበሌ አዳራሽ፣ አንዳንዴም የአይፋ መኪና ጀርባ ነበረ። ድምፅ ማጉያው በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ሲደክም በባዶ ጉሮሮ ይቀጠላል። አምፕሊፋየር፣ ጊታርና ኦርጋን ከክራርና ከመሰንቆ ጎን የቆሙት፣ የወሎ ገበሬም የኤሌክትሪክ ሙዚቃን በዓይኑ ያየው በእነዚህ መድረኮች ነው። ዘመናዊውንና ባህላዊውን ስለማዋሐድ ዛሬ በየጉባኤው ጥናት ይቀርባል። ያ ውሕደት በገበያ ሜዳ ላይ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ያለ ምንም ጥናት ሲሠራ ነበር።

ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት ተጉዘን ኩታበር ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። ኩታበር ከአምባሰል ጋር ትዋሰናለች፤ ይህም ማለት ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን ከሰጠው ምድር ጋር ድንበርተኛ ናት ማለት ነው። በዚያች ከተማ ገበያ ውስጥ ጨው የሚቸረችሩ አንድ አዛውንት በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ከበሮ ይመቱ እንደነበር ሰምቼ ሄጄ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «ጋሼ፣ ስለ ኪነቱ ዘመን ጥቂት ቢያጫውቱኝ ብዬ ነው» ስላቸው ከጨዋቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ዘፋኞቹን ነው የምትፈልገው ወይስ እኛን?» አሉኝ። እናንተን ነው አልኋቸው። የአሥራ አንድ ሰዎች ስም በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሰባቱ ሞተዋል። ከሟቾቹ የሦስቱን የአባት ስም ሊያስታውሱ አልቻሉም። እነዚህን ስሞች ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ የትም አልተጻፉምና በመዝገብ ሳይሆን በሌላ ሽማግሌ ልብ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብኝ ዐውቃለሁ። ሁለቱንም በየተራ ልመልስ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። የኪነት ቡድኖቹ የመንግሥት መሣሪያ ነበሩ፤ ለስብሰባና ለሰልፍ አድማቂ ሆነው ያገለገሉ ናቸው፤ ከሥርዓቱ ጋር አብረው ቢረሱ ምን ይጎዳል? በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ። መፈክሩ ዘፈን ተብሎ ተዘፍኗል። ወጣቶች ወደውም ሳይወዱም ወደ መድረክ ወጥተዋል። አንዳንዱ ዜማ ሞቷል፤ መሞቱም አያሳዝንም።

ነገር ግን ይህን ሚዛን ያቀረበ ሰው እስከ መጨረሻው ይመዝንበት። ክቡር ዘበኛ የማን ነበር? የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ደመወዙን ከየት ይቀበል ነበር? የዘመናዊ ሙዚቃችን ታላላቅ ሰዎች አብዛኞቹ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ለዘውድ በዓል ታዝዘው፣ በወታደር ቤት ሥርዓት የኖሩ ናቸው። እነርሱን የዘመኑ ልጆች ናቸው ብለን ይቅር ስንል፣ የኩታበርን ከበሮ መቺ የሥርዓት አገልጋይ ብለን የምንጥለው በምን ፍርድ ነው? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የእነዚያ ሙዚቃ በሸክላ ታትሞ በውጭ አገር ሰው ተወደደ፤ የእነዚህ አልታተመም። ይህ የጥበብ ፍርድ አይደለም።

ከዚህም በላይ መዝግቦ ማስቀመጥ ሽልማት መስጠት አይደለም። ያ ሙዚቃ መመዝገብ ያለበት ከነእድፉ ነው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር የወሎ ገበሬ በረኃብ ይረግፍ ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ በኩል የበዓል ዘፈን፣ በሌላ በኩል የለቅሶ እንጉርጉሮ በአንድ ክፍለ ሀገር ተሰማ። የበዓሉን ዘፈን በየመድረኩ ያዜሙት ወጣቶች የረኃብተኞቹ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ነበሩ። በልባቸው ምን እንደነበረ ለማወቅ የማይፈልግ የታሪክ ተመራማሪ፣ የተውኔት ደራሲ፣ ገጣሚ አለን? ይህን የሚነግሩን እነርሱ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውም አልፏል።

በዚያው ዓመት ወሎ በሌላ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ ገባች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተነሣውን የረኃብ ምስል ለዓለም አሳየ። በወሩም ቡምታውን ራትስ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍና የኡልትራቮክሱ ሚጅ ዩር የእንግሊዝን የፖፕና የሮክ ዘፋኞች ሰብስበው የእርዳታ ሸክላ ቀዱ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ ስታዲየሞች ታላቁ የላይቭ ኤድ ትርኢት ቀረበ። የመጣውን እህል የናቀ ሰው አይኑር፤ ብዙዎች በልተውት ድነዋል።

ይሁን እንጂ ያ ቀን ዛሬ በዓለም ዘንድ የሚታወሰው በምንድን ነው? በዋነኛነት በክዊን ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚያ ባንድ የተሠራው ፊልም መደምደሚያው ያ መድረክ ነው፤ ተዋናዩም ዋናውን የሆሊውድ ሽልማት አገኘበት። እንግሊዛዊው ጎልማሳ የወጣትነቱን ባንዶች ሲናፍቅ ያንን ሐምሌ ይናፍቃል። የእርሱ ትዝታ ከበስተጀርባ የእኛ ረኃብ ተስሎበታል፤ ስምና ድምፅ በሌላቸው ሰዎች መልክ። የዚያ የእርዳታ ሸክላ ርእስ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው የቀረበው በላሊበላ ቤተ ክርስቲያናት ታኅሣሥ 29 ቀን ስንት መቶ ዓመታት ሲዘመር ስለኖረበት ክፍለ ሀገር መሆኑን ስናስብ መሳቅም ማልቀስም ያቅተናል። የወሎ ሙስሊምም ያንን ዘመን በመንዙማና በዱዓ አልፎታል። ወሎ በዚያ ዓመት የራሷ ሙዚቃ ነበራት። ባንድ ነበራት። ስሙም ላሊበላ ነበር። ለንደን ይህን አላወቀችም፤ ማወቅም ግዴታዋ አልነበረም። ግዴታው የእኛ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ተቃውሞ ልለፍ። ይህኛው ከወዳጅ ወገን የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም ይበልጥ አደገኛ ነው። «እውነትህን ነው፤ ያ ዘመን ቀረ፤ የዛሬ ወጣት ምን ያውቃል? ባንድ የለ፣ መሣሪያ የለ፣ ሁሉም በኪቦርድ ነው» ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ከእኔ ጋር የቆሙ ይመስላቸዋል። አልቆሙም። እነርሱ የቀድሞውን ሙዚቃ የሚያነሡት ለመጠበቅ ሳይሆን ወጣቱን ለመግረፊያ ነው።

ባንዶቹን የገደላቸው ወጣቱ አይደለም። አገዳደላቸው የታወቀ ነው። ካሴት በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ ያሳተመው ሰው ወጪውን ሳይመልስ የተሰረቀው ቅጂ ገበያውን ይሞላ ነበር። ጥሩ ተጫዋቾች በየጉዞው በውጭ አገር ቀሩ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የኪነት ቡድኖቹ ድጋፍ ተቋረጠና የአውራጃና የቀበሌዎቹ ቡድኖች ተበተኑ፤ ከመሣሪያቸውም ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ኪቦርድ የስምንት ሰው ሥራ ሠራ። ሠርግ ደጋሹ ለአንድ ሰው መክፈል ሲችል ለስምንት ለምን ይከፍላል? ይህ የኢኮኖሚ ነገር እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። የእኔ ትውልድ፣ በደርግ መጨረሻ ሕፃን የነበረው፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወጣት የሆነው ትውልድ፣ ይህን ለውጥ በጆሮው ሰምቶ አደገ። መጀመሪያ የሰማነው ሮሃን ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ የሰማነው ኪቦርድ ብቻ ሆነ።

ወጣቱ ባንድ አለመፈለጉም ሐሰት ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን የሮክ ሥራውን ሲያወጣ ያዳመጠው ማን ነበር? ዛሬም በደሴና በኮምቦልቻ ጊታር ተሸክሞ የሚዞር ልጅ ሞልቷል። ያ ልጅ ስለ ብሪታንያ ባንድ የከበሮ ምት የፈለገውን ያህል ማስረጃ በስልኩ ያገኛል። የገዛ አገሩ ላሊበላ አምባሰልን እንዴት አድርጎ እንደተጫወተ ልማር ቢል ግን የሚያገኘው ድምፁ የሻከረ፣ የተጫዋቹ ስም የሌለበት፣ ቀኑ የማይታወቅ ቅጂ ነው። ስም በሌለው ሥራ ላይ ማን ትምህርት ይመሠርታል? የማያውቀውን ረሳህ ብሎ ወጣትን መክሰስ ዐይን ያወጣ ግፍ ነው። አልረሳም፤ አልሰጠነውም።

ይህ ሁሉ ለነገ ይቆይ የሚባል አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆይ የደሴ ሙዚየም ቅርሶች እንደተዘረፉ ተዘግቧል። ሙዚየም የሚጠበቅ ቤት ነው፤ እርሱ እንዲህ ከሆነ በየሳጥኑና በየአልጋው ሥር ያለ ካሴት ምን ዋስትና አለው? ካሴት ያለ ጦርነትም ይሞታል። እርጥበት ይበላዋል፤ ሙቀት ያጣምመዋል፤ ቤት ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ሰውም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ 20 ዓመት የነበረው ከበሮ መቺ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በሂስ ብቻ ማቆም ለጸሐፊ ይቀልለዋል። የሚሠራውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ስም ይሰብሰብ። ከኩታበር ጀምሮ፣ በአምባሰል፣ በተሁለደሬ፣ በተንታ፣ በቃሉ፣ በደሴ ዙሪያ፣ በኪነት ቡድን የነበረ ሁሉ፣ ዘፋኙም መሣሪያ ተጫዋቹም፣ ተወዛዋዡም ድምፅ ማጉያ ተሸካሚውም፣ ሙሉ ስሙ፣ የሠራበት ዘመንና የተጫወተው መሣሪያ ይጻፍ። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ የተገኘው ድምፅ ይቀዳ፤ የተቀዳውም በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ። አንዱ ቅጂ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ ይሁን። አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ እንዲተርፉ ከ2014 ዓ.ም. መማር አለብን። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ሰውም ቦታም የሚሆነው ተቋም ነው። የወሎ ባህል አምባም የዚህ ሙዚቃ ተፈጥሯዊ ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይናገሩ። ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተመለመሉ፣ ምን እንደታዘዙ፣ ምን እምቢ እንዳሉ፣ በረኃቡ ዓመት ምን እንዳዩ በራሳቸው አንደበት ይቀዳ። ከዚህ ውስጥ ብዙ ያልተጻፉ ተውኔቶች እንዳሉ እገምታለሁ፤ ይህን የምለው ተውኔት ጸሐፊ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ መብታቸው ይታወቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል። ሥራው በአየር ላይ ሲውል፣ በአዲስ መልክ ሲዘፈን፣ በማስታወቂያ ሲገባ ቢያንስ ስሙ መጠራት አለበት። በየዓመቱ የድሮ ዘፈን እያደሱ የሚሸጡ ወጣት ድምፃውያንና አሳታሚዎቻቸው ይህን ያስቡበት። «የሕዝብ ዜማ» የሚለው ቃል የሰውን ድካም ለመውሰጃ ሽፋን መሆኑ ይብቃ።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለራሳችን ነው። ይህን መጽሔት የሚያሳትመው ማኅበራችን ለበዓል መድረክ፣ ለድንኳንና ለባነር በየዓመቱ ገንዘብ ያወጣል። ከዚያ ላይ የአንድ በዓል ወጪ ለአንድ ዓመት ወደ ስም መሰብሰቢያውና ወደ ድምፅ መቅጃው ይዛወር ብዬ በዚሁ ገጽ ላይ በግልጽ እጠይቃለሁ። የባህል ማኅበር ሥራው ባህልን ማድመቅ ብቻ ከሆነ ከቀድሞው የኪነት ጽሕፈት ቤት በምን ይሻላል? ያ ጽሕፈት ቤት እንኳ ከበሮ መቺውን አሠልጥኖ ነበር። እኛ ስሙን መጻፍ አቃተን።

ምናልባት ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው ሙዚቃ ከአዲስ አበባው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይሁን። ከሰማነው በኋላ እንፍረድ። ጥሩው ከመጥፎው፣ ሕያው ዜማ ከሞተ መፈክር የሚለየው በመስማት ነው። ሳይሰሙ መርሳት ግን ፍርድ ሊባል አይችልም። ሳይሰሙ መናፈቅም እንዲሁ።

እስከዚያው ድረስ ለአንባብያን አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ የላሊበላ፣ የግሽ ዓባይ፣ የፋሲለደስ፣ ወይም የትኛውም የወረዳ የኪነት ቡድን ካሴት ቢኖር አትጣሉት። በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሰው ፈልጉና አስደምጡት። መሰንቆውን ማን እንደመታ፣ ከበሮው የማን እንደሆነ ጠይቁት። የነገራችሁንም በካሴቱ ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፉት።